ደብረ ማርቆስ ላይ ግፊቷ አልሞላ ያለ ትንሽ የእንፋሎት ባቡር

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው፤ ጠያቂው የፊዚክስ መምህር ናቸው። እንግሊዝ አገር ብዙ ዓመት የኖሩ አጎታቸው ሲመለሱ በእንጨት ሳጥን አሽገው ያመጡላቸው፣ በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የምትሄድ፣ በጋዝ የምትነድ እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር ሞዴል አለቻቸው። የግፊት መለኪያ ጌጇ ቀይ መስመር 40 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ ነው) ላይ ነው። እሳቸው ግን 20 ላይ ሲደርስ ቀጥ ይልባቸዋል። የሚሞሏት በላይተር መሙያ ጋዝ ነው፤ እሳቱ ቢጫ ነው፣ ይሸታል። ልትነሳ ስትል በጭስ ማውጫዋ ውሃ ትተፋለች፤ ከዚያ ሁለት ዙር ሄዳ ትቆማለች። የሰፈራቸው መካኒክ «ደጋ ስለሆነ ነው፤ ሴፍቲ ቫልቩን ትንሽ ጠበቅ እናድርገው» ብሏቸዋል። ከዚህ ሌላ የቧንቧ ውሃ ይሆን እንደሆነ፣ የሞተር ዘይት ያገለግል እንደሆነ፣ ሐዲዱ እዚሁ መሠራት ይችል እንደሆነ፣ ለተማሪዎች ማሳየቱስ አደጋ ይኖረው እንደሆነ ጠይቀዋል።

መምህር፣ ከሁሉ አስቀድመው ያንን ሴፍቲ ቫልቭ ማንም እንዳይነካው ያድርጉልኝ። መካኒኩ ክፉ አስቦ እንዳልመከረዎት አውቃለሁ። ነገር ግን ሴፍቲ ቫልቭ ግፊት አይፈጥርም፤ ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ተከፍቶ የሚያስተነፍስ በር ነው። የእርስዎ ባቡር 20 ላይ ስትቆም ያ በር ገና አልተከፈተም። ያልተከፈተ በር ቢጠብቅ የሚጨምረው ነገር የለም። አንድ ቀን እሳቱ የተስተካከለ ዕለት ግን በሩ 40 ላይ አይከፈትም፤ 60 ላይ ይሁን 90 ላይ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ሃያ ዓመት ያህል በፋብሪካ ቦይለር (ውሃ ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ዝግ ጋን) ሥር የሠራሁ ሰው ነኝ። ቤቴ ባሕር ዳር ነው፣ እንደ እርስዎ ያሉ ሁለት ትንንሽ ባቡሮች አሉኝ፤ በትልቁም በትንሹም ቦይለር ላይ ያለማወላወል የምይዘው ሕግ ይህ ነው። 20 ላይ ሳለች በቫልቩ በኩል ሲስ እያለ እንፋሎት የሚያመልጥ ከሆነ ብቻ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ማለት መቀመጫው ላይ ቆሻሻ ገብቷል ማለት ስለሆነ ባቡሯ ቀዝቅዛ ተፈቶ ይጠረጋል፤ ያኔም ቢሆን አይጠብቅም።

አሁን «ደጋ ስለሆነ ነው» ወደሚለው ልመለስ፤ ግማሹ እውነት ነውና።

መካኒኩ የሚያስበው መኪናን ነው። የመኪና ሞተር አየር ይተነፍሳል። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ጉልበቱም ይቀንሳል። የእንፋሎት ባቡር ፒስተን ግን አየር አይተነፍስም። ፒስተኑን የሚገፋው በቦይለሩ ውስጥ ባለው ግፊትና በውጭው አየር ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ነው። የሴፍቲ ቫልቩ ስፕሪንግም የሚታገለው ከዚያው ልዩነት ጋር ነው፤ ጌጁም የሚያነበው ያንኑ ልዩነት ነው። ስለዚህ 40 ፒኤስአይ፣ ማለትም ወደ 2.75 ባር፣ ምጽዋ ወደብ ላይም ደብረ ማርቆስም ላይ ለፒስተኑ አንድ ነው። ለተማሪዎችዎ በሰሌዳ ላይ ሊያሳዩት የሚችሉት ጥሩ ስሌት ይመስለኛል፦ ባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 1.01 ባር ነው፤ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ 0.76 ባር ገደማ ነው። በሁለቱም ላይ 2.75 ደምሩበት፣ ከዚያ መልሳችሁ የውጩን ቀንሱለት።

ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላቱስ ምን ያመጣል? ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል የሚዘገየው በዚህ የተነሳ ነው፤ ድስቱ ክፍት ስለሆነ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ቦይለር ግን የተዘጋ ነው። ግፊቱ 40 ሲደርስ በውስጡ ያለው ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ 141 ዲግሪ ይሆን የነበረው ደብረ ማርቆስ ላይ 139 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ይህን ልዩነት ባቡሯ አታውቀውም።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1911 አስመራ ሲደርስ የወጣው በእንፋሎት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡርም እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው በእንፋሎት ነበር። ጎጃም ሐዲድ አልደረሰውም፤ ቃሉ ግን ቀድሞ ገብቷል። አባቶቻችን የእህል መፍጫውን ሞተር ራሱን «ባቡር» ይሉት የነበረው ቃሉ መጀመሪያ እንፋሎትን፣ ቀጥሎም በእንፋሎት የሚሠራን ማንኛውንም ማሽን ይጠራ ስለነበር ነው። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት ማሽንም ሐዲድ ሳይኖረው «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል። እናም የእርስዎን ትንሽ ማሽን ባቡር ስንላት በትክክለኛ ስሟ እየጠራናት ነው።

እንግዲህ ከፍታው ባቡሯን አይነካትም። የሚነካው እሳቷን ነው። ችግርዎ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

የጋዝ ታንኩን እሳቱ ከሚነድበት ከበርነሩ ጋር የምታገናኝ፣ ከፀጉር ብዙም የማትወፍር ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች፤ ጄት ይሏታል። ጋዙ በእሷ ሲተፋ አጠገቧ ባሉት ቀዳዳዎች አየር ጎትቶ ይዞ ይገባል። ሰማያዊ እሳት የሚወጣው የሁለቱ ልክ ሲገጥም ነው። ባቡሯ የተሠራችውና የተሞከረችው እንግሊዝ አገር፣ ባሕር ጠለል አጠገብ ነው። እዚህ ስትመጣ በጄቷ የሚወጣው ጋዝ አልቀነሰም፤ የሚወስነው በታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት ነውና። የሚጎተተው አየር ግን በሩብ ያህል ሳስቷል። ወጡ ያው ሆኖ እንጀራው አነሰ እንደ ማለት ነው። የተረፈው ጋዝ ሙሉ በሙሉ ሳይነድ ጥላሸት ሆኖ በቦይለሩ ቱቦ ውስጥ ይለጠፋል። ጥላሸት ደግሞ ሙቀት ስለማያሳልፍ በሚቀጥለው ጊዜ ይብስበታል። ቢጫው ቀለምና ሽታው ይህንን ነው የሚነግሩዎት።

ሰው ሁሉ እንዲህ ሲያጋጥመው የሚያደርገው ጋዙን ይበልጥ መክፈት ነው፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ስሳሳት የኖርኩት በዚህ ነው። ግፊቱ አልወጣ ሲል እጨምር ነበር፣ ስጨምር ይብስ ነበር። ተቃራኒውን ያድርጉ። ለኩሰው እሳቱ ወደ በርነሩ ከገባ በኋላ የጋዙን ቁልፍ በጣም ቀስ እያሉ ይቀንሱ፣ በጆሮዎም ይስሙት። የበዛ ጋዝ የሚንኮሻኮሽ፣ የታፈነ ድምፅ አለው። ልኩ ሲደርስ ድምፁ ጠርቶ ከቀፎ ውጪ እንደሚሰማ የንብ ድምፅ ይሆናል። እዚያ ላይ ይተዉት። ከዚህ ብቻ ግፊቱ ሲጨምር ካዩ ነገሩ ገብቶዎታል ማለት ነው።

ካልበቃ ወደ ጄቷ ይሂዱ። ፈትተው በአሴቶን ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይዘፍዝፏት፤ አሴቶን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በሚሸጥበት ሱቅ አይጠፋም። ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ አየር ይንፉባት። በመርፌ መውጋት ፈጽሞ አይገባም። ቀዳዳዋ በጥቂት ብትሰፋ እንኳ ጋዙ ይበዛና ያለብዎትን ችግር ያጎላዋል። የበርነሩ የአየር ቀዳዳ የሚንሸራተት ቀለበት ካለው ቀለበቱን ወደ መክፈቻው ይግፉት። ጥላሸቱን በቀጭን ብሩሽ ከቱቦው ያውጡ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ቢጫ ከሆነ የሚያስፈልግዎ ከእሷ አንድ ደረጃ የጠበበች ጄት ናት፤ ሠሪዎቹ በቁጥር እየለዩ ይሸጧቸዋል። ደብዳቤ ውስጥ የምትገባ ነገር ስለሆነች ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይያዝልዎት።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ሕመም አለ። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ጀምሮ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እየደከመ የሚሄድ ከሆነ ጥፋቱ የአየር አይደለም፤ ታንኩ በርዶታል። ፈሳሹ ጋዝ ሲተን የራሱን ሙቀት ይወስዳልና። ቡቴን በ20 ዲግሪ ሙቀት 2.1 ባር ያህል ፍጹም ግፊት (የውጭው አየር ግፊት ሳይቀነስለት) አለው፤ በ10 ዲግሪ 1.5 ብቻ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ላይ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርዎትም። ፀሐይ ሞቅ ስትል ያስነሷት፤ ወይም ታንኩን ለብ ባለ ውሃ ይክበቡት። ለብ ያለ የምለው ሕፃን የሚታጠብበትን ያህል ነው፤ ከዚያ አይለፍ።

ላይተር መሙያው ቡቴን ስለሆነ ይሠራልዎታል። ከቤቱ የቡታጋዝ ሲሊንደር ለመቅዳት ግን አይሞክሩ፤ አንዱ ጎበዝ «ቱቦ እገጥምልሃለሁ» ማለቱ አይቀርም። በእሱ ውስጥ ያለው የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ከ8 ባር በላይ ይገፋል፤ የባቡሯ ትንሽ ታንክ ለዚያ አልተሠራችም። አረቄም ይጠየቃል፤ ዳግም አረቄ አይነድም ወይ ይሉኛል። በክብሪት ይያያዛል፣ ግን ውስጡ ያለው ውሃ ሙቀቱን ይበላዋል፤ የእርስዎም በርነር የጋዝ ነው። በስፒሪቶ የሚሠሩ ሌሎች ሞዴሎች አሉ፤ እነሱ ጠንካራ አልኮል ይፈልጋሉ፣ ነበልባሉም በፀሐይ ብርሃን አይታይምና ሳያውቁት እጅ ያቃጥላል።

ውሃ መትፋቷ ሕመም አይደለም። ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች ቀዝቃዛ ስለሆኑ መጀመሪያ የሚገባው እንፋሎት እዚያው ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ውሃ ደግሞ አይታመቅም፤ ፒስተኑ ይጋጨውና ባቡሯ ትነቃነቅና ትቆማለች። ግፊቱ 30 ሲደርስ የእንፋሎቱን ቁልፍ ትንሽ ከፍተው በእጅዎ ወደፊትና ወደኋላ ቀስ እያሉ ይግፏት፤ ጭስ ማውጫዋ ላይ ጨርቅ ጣል ያድርጉ። ሦስት አራት ጊዜ ተፍታ ትጨርስና በራሷ ትሄዳለች። ሞቃም እየተፋች ከቀጠለች ቦይለሩን ከልክ በላይ ሞልተውታል። የውሃውን ልክ የሚያሳይ መስታወት የሌላቸውን ብዙዎቹን እስከ አፍ ሞልቶ 30 ሚሊ ሊትር ያህል በስሪንጅ መልሶ መሳብ የተለመደ ነው። እንፋሎት ራሱ ቦታ ይፈልጋል። ከሳጥኗ ውስጥ የሠሪው መመሪያ ካለ የእሱን ቁጥር ይከተሉ።

ደግሞም ሁልጊዜ ጋዙ ከውሃው ቀድሞ ይለቅ። የእነዚህ ባቡሮች ታንክ ትንሽ የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ጋዝ ባለቀ ቁጥር ውሃውንም ሳይሞሉ ጋዝ ብቻ ጨምረው ቢያስነሷት ቦይለሩን ባዶውን ያነዱታል። እንዲህ ከተከሰተ እሳቱን አጥፍተው ይተዉት፤ በጋለ ባዶ ቦይለር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩ።

ስለ ዘይቱ ረዘም አድርጌ ልጻፍልዎት፤ ባቡሮችን ያለ ዕድሜያቸው የሚገድል እሱ ነውና። ከሾፌሩ ክፍል አጠገብ ክዳኗ የሚፈታ ትንሽ የነሐስ ቆርኪ የመሰለች ነገር አለች። ይህች ዘይት ማደያዋ ናት፤ ፓምፕም ማርሽም የላትም። የእንፋሎቱ ቱቦ በላይዋ ሲያልፍ በመርፌ ቀዳዳ ጥቂት እንፋሎት ወደ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ይቀዘቅዝና ውሃ ይሆናል። ጎጃም ውስጥ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ምንም አያስቸግረውም፤ ከጋኑ የተነሳው እንፋሎት በመቃው አልፎ ቀዝቃዛው እንስራ ሲነካው እንደሚንጠባጠበው ነው። ውሃው ከዘይቱ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰጥማል፤ በሰጠመው ልክ ዘይቱ ከፍ ብሎ በዚያችው ቀዳዳ ወደ እንፋሎቱ ይገባና ወደ ሲሊንደሮቹ ይሄዳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከሥር የተጠራቀመውን ውሃ በስሪንጅ ስበው በአዲስ ዘይት እስከ አፍ ይሞሏታል።

የሞተር ዘይት ግን አይሆንም፤ ለደረቅና ለጋለ ብረት የተሠራ ነው። እርጥብ እንፋሎት ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ጠርጎ ይወስደዋል። የእንፋሎት ዘይት ወፍራም ነው፣ ብዙውን ጊዜ 460 የሚል የውፍረት ቁጥር አለው፤ እርጥብ ብረት ላይ እንዲለጠፍም ጥቂት የከብት ሞራ ይቀላቀልበታል። ይህንን ከውጭ ማስመጣት ግድ ነው። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ግን ዓመታት ታገለግልዎታለች፤ በአንድ ጉዞ የምትወስደው ጥቂት ጠብታ ነውና። የውጭ ዘንጎቿን፣ የጎማዎቿን አክሰል በተራ ቀጭን የማሽን ዘይት ይንኩ፤ ለእነሱ ይበቃል። የጭስ ማውጫዋ ከንፈርና የባቡሯ ጀርባ በስሱ ዘይት ተቀብቶ ካገኙት ደስ ይበልዎት። ደርቆ ካገኙት ነው መፍራት፤ ሲሊንደሮቹ ተርበዋል ማለት ነው።

ወደ ውሃው ልምጣ። የቧንቧ ውሃዎ ምን እንደያዘ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግዎትም፤ የሻይ ማንቆርቆሪያዎን ውስጡን ይዩት። ነጭ ቅርፊት ይዞ ከሆነ ያው ቅርፊት ቦይለሩ ውስጥ ይበቅላል። ዓባይ በረሃ ውስጥ እንዳለው ዓይነት የኖራ ድንጋይ አቋርጦ የሚመጣ ውሃ በዚህ ይከፋል። ቅርፊቱ ሙቀት ይከለክላል፣ በቀጫጭኖቹ ቱቦዎችና በሴፍቲ ቫልቩ መቀመጫ ላይም ይለጠፋል። እኔ የምጠቀመው የዝናብ ውሃ ነው። በሰኔ መጨረሻ ቆርቆሮው በሁለት ሦስት ዝናብ ከታጠበ በኋላ፣ በየጊዜውም የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ወደ ውጭ አፍስሼ፣ ቀጥሎ የሚወርደውን በነጠላ ጨርቅ እያጠለልኩ በጀሪካን አስቀምጣለሁ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መቶ ያህል ጉዞ ነው። ክረምቱ ካመለጠዎት ውሃ አፍልቶ ተኑን መሰብሰብም ያው ነው።

«የባትሪ ውሃ» ብለው ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ጠርሙስ ውሃ ሳይሆን ለባትሪ የሚሞላው አሲድ ነበር፤ ሻጩም ሁለቱን በአንድ ስም ነው የሚጠራቸው። ያዳነኝ ልማዴ ነው፤ ማንኛውንም የማላውቀውን ውሃ ጠብ አድርጌ ቤኪንግ ሶዳ ላይ እሞክረዋለሁ። ተፍለቀለቀ። ያ ነገር ወደ ቦይለሩ ገብቶ ቢሆን መዳቡንም የብረት ክፍሎቹንም በልቶ ያበቃ ነበር። ቅርፊት አስቀድሞ ከያዘ አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ውሃ ቀላቅለው አንድ ሌሊት ያሳድሩበት፤ ጠዋት ነጭ ዝቃጩ እስኪጠራ ደጋግመው ያለቅልቁት።

አጎትዎ ባቡሯን ከመቼ ወዲህ እንዳላስነሷት አልጻፉልኝም። ከሁለት ዓመት በላይ ተቀምጣ ከነበረ አሁን ያቁሟትና አስቀድመው ቦይለሩን በቀዝቃዛ ውሃ ያስፈትኑ። የሚፈተነው በውሃ ብቻ ነው፤ በጎማ ቤት ኮምፕረሰር እንዳያስሞክሩ። የታመቀ አየር ስንጥቅ ቢያገኝ ይፈነዳል፤ ውሃ ግን ስለማይታመቅ ጠብ ብሎ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከዚያ አያልፍም። የሕንፃ ቧንቧ የሚዘረጉ የሳኒተሪ ሠራተኞች መስመር የሚሞክሩበት የእጅ ፓምፕ አላቸው፤ ያንን ይዋሱ። በእሱ ላይ ያለው ጌጅ ለትልቅ ግፊት ስለሆነ እስከ 10 ባር ብቻ የሚያነብ ሌላ ይግጠሙበት። አየር እንዳይቀርበት ቦይለሩን ጢም አድርገው ሞልተው፣ የሴፍቲ ቫልቩን ቀዳዳ በልኩ ብሎን ደፍነው፣ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ፣ ማለትም እስከ 60 ፒኤስአይ፣ ቀስ እያሉ ያድርሱት። አሥር ደቂቃ ሳይወርድ ከቆየ መልካም ነው።

ከወረደና ጠብታው ከቦይለሩ መጋጠሚያ ከሆነ በሬዲዮ ጠጋኝ ሊድ አያስጠግኑት። መልኩ ያምራል፣ ለጊዜውም ይይዛል፤ ግን ከ200 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ይቀልጣል፤ ውሃው ጎድሎ ያንን ቦታ እሳት ያገኘው ቀን ይለቃል። ቦይለር የሚበየደው ከ600 ዲግሪ በላይ በሚቀልጥ የብር ብየዳ ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ እጃቸው የተባረከ ብር አንጥረኞች አሉ። ይሁንና ለጌጥ የሚቀላቀለው ብርና ለቦይለር የሚሆነው አንድ ስላልሆነ፣ ትክክለኛውን ብየዳ ሳይዙ እነሱንም አያስቸግሯቸው።

ለተማሪዎችዎ ማሳየት ይችላሉ፤ እንዲያውም ቢያሳዩ እወዳለሁ። ቦይለሯ 200 ሚሊ ሊትር ብትይዝ ግፊቱ በሊትር ሲባዛ 0.55 ባር-ሊትር ነው፤ የእንግሊዝ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበራት ከ3 በታች ያለውን እንደ ትንሽ ቦይለር በተለየ ምድብ ያዩታል። ስለዚህ የምሰጋው ለቦይለሩ አይደለም፤ ለጋዙ አሞላል ነው። ቡቴን ከአየር ይከብዳል። ሲሞሉ የሚያመልጠው ወደ መሬት ወርዶ፣ እየተሳበ ሄዶ እሳት ያለበት ይደርሳል። በእኛ ቤት ደግሞ እንግዳ ሲሰበሰብ ቡና ይፈላል፣ ከሰል ማንደጃው መሬት ላይ ነው፣ ዙሪያው ቄጤማ ነው። እንግዲህ ይታይዎት። ጋዝ የሚሞሉት ከቤት ውጪ፣ ከማንደጃው ከአሥር እርምጃ በላይ ርቀው፣ ባቡሯም ቀዝቅዛ ሳለ ይሁን። ሞልተው ሁለት ደቂቃ ይታገሱና ከዚያ ይለኩሱ። የምትነዳውም ደጅ ነው፤ ቢጫ እሳት ክፍል ውስጥ መርዝ አለው። ልጆቹ ጌጁን እንዲያነቡ፣ ሰዓት እንዲይዙ፣ የውሃውን ልክ እንዲመዘግቡ ያድርጓቸው፤ ነሐሱን ግን እንዳይነኩ።

ሐዲዱን እዚሁ ማሠራት ይቻላል፤ የእኔ ግቢ ያለው እንዲሁ የተሠራ ነው። ውፍረቱ 3፣ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት በጠርዙ አቁመው፣ በመጋዝ በተሰነጠቁ የዋንዛ ወይም የጽድ እንጨቶች ውስጥ ይሰኩታል። ባሕር ዛፍ አይምረጡ፤ ይጣመማል፣ ምስጥም ይወደዋል። በሁለቱ ብረቶች ውስጠኛ ፊት መካከል 45 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ መጠምዘዣው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ይረዳታል። ለዚህ የሚሆን አንድ ጠንካራ እንጨት በልኩ አስጠርበው በየቦታው እየለኩ ይሂዱ። ክቡ ከመሐሉ እስከ ሐዲዱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ባይጠብ ባቡሯ ትዞራለች፤ ቦታ ካለዎት ግን አንድ ሜትር ተኩል ያድርጉት። መሬት ላይ አይዘርጉት፤ የበጋው አቧራ በዘይት ላይ ተለጥፎ ዘንጎቿን እንደ ሞረድ ይበላቸዋልና በወገብ ከፍታ እንጨት ላይ ያውጡት። ከሁሉ በላይ ውሃ ልክ ይሁን። በዓይን የማይታይ ዳገት ያቆማታል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ያስፈረጥጣታል። ብቻዋንም አይልቀቋት፤ ከኋላዋ ሦስት አራት ፉርጎ ሲጎተት ነው ረጋ ብላ የምትሄደው።

የዕለቱ ጉዞ ሲያበቃ ግፊቱ 10 ገደማ እስኪወርድ ጠብቀው ቀሪውን እንፋሎት ይልቀቁ፣ ስትቀዘቅዝ ውሃዋን ያፍስሱ፣ በጨርቅ ይጥረጉ፣ ዘይት ማደያዋን ሞልተው ያስቀምጧት። አሁን ግን መጀመሪያ ፈተናውን ያካሂዱ፤ ቦይለሩ ካለፈ ጄቷን አጥበው፣ በዝናብ ውሃ ሞልተው፣ እኩለ ቀን ላይ ጋዙን ቀንሰው ያስነሷት፤ በየሁለት ደቂቃው ጌጁ ስንት እንዳነበበም ጽፈው ይላኩልኝ። እስከ 12ኛው ደቂቃ 30ን ካለፈ አዲስ ጄት ማስመጣት አያስፈልግዎትም። ከ25 በታች ከቀረ የበርነሩን የአየር ቀዳዳ በስልክዎ ፎቶ አንስተው አብረው ይላኩት፤ ስንት ቁጥር ጄት እንደሚሻላት አይቼ እነግርዎታለሁ።